የአክስቴ 486፣ አንድ ራስበሪ ፓይ እና 31 መልስ

ይህን ክር፣ ማለትም እዚህ መድረክ ላይ ያለውን ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ 31 ስለደረሰ አዲስ የሚገባው ሰው ከላይ እስከ ታች ማንበብ ይሰለቸውና ያንኑ ጥያቄ እንደገና ይጠይቃል። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ፣ ሰዉን በመልሱ ቁጥር እየጠራሁ፣ በራሴ አፍ ላውራው። ሐሳቡን ያሳጠርኩበት ሰው ካለ ይቅርታ።

መጀመሪያ የኔ ጥያቄ። አክስቴ እዚህ ጅማ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ታይፕ ቤት ነበራት። ማመልከቻ፣ ውል፣ የክስ መልስ፣ የውክልና ወረቀት ስትጽፍ ኖራለች። መሣሪያዋ አንድ 486 ኮምፒውተር ነበር። ዊንዶውስ 3.1፣ 210 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ። ዘንድሮ ዕቃ ቤቱ ሲጸዳ ኮምፒውተሩ ከነኪቦርዱ ወጣ። አብሮት አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ፍሎፒ ወጣ፤ በላያቸው በእስክሪብቶ የተጻፈው ጽሑፍ ደብዝዟል።

ማዘርቦርዱ ሞቷል። ኬዙ ግን ከመወየቡ በቀር ደህና ነው። ሆዱ ውስጥ ራስበሪ ፓይ 4 የምትባለውን አንድ ሰሌዳ ብቻ የሆነች ትንሽ ኮምፒውተር ልክተትበት፣ ዶስቦክስ (የድሮ የዶስ ፕሮግራሞችን በአዲስ ማሽን የሚያስነሳ ፕሮግራም) ጭኜ ዊንዶውስ 3.1ን ላስነሳ፣ ፍሎፒዎቹን ልገልብጥና አክስቴን ላስደንቃት አሰብኩ። ኤስዲ ካርድ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ተበላሽቶብኛል። ስለዚህ ከተሰበረ ላፕቶፕ የወጣ ባለ2.5 ኢንች፣ 120 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ) በዩኤስቢ ማገናኛ ሰካሁ። ይነሳል። ጥሩ ነው። ፍሎፒ መገልበጥ ስጀምር ግን ድርቅ ይላል። ጥያቄዬ፣ ኤስኤስዲው ነው የሞተው? ሌላ ልግዛ?

1 ቁጥር ጨዋ ነበር። እንኳን ደህና መጣህ ብሎኝ፣ ኤስዲ ካርድ ሲስተም ያለማቋረጥ ሲጽፍበት እንደማይችል አስረድቶ፣ ወደ ኤስኤስዲ መዞሬን ደግፎ ሄደ። እስካሁን አልተመለሰም።

2 ቁጥር ሳቀብኝ። 210 ሜጋባይት ለነበረው ማሽን 120 ጊጋባይት ማሰር፣ ለአንዲት ጀበና ቡና ጊቤን መጥለፍ ነው አለ። ሲሰላ ከ500 እጥፍ ይበልጣል። እኔም በ3 ላይ፣ መጠኑን የመረጥኩት እኔ ሳልሆን የተሰበረው ላፕቶፕ ነው ብዬ መለስኩ።

4 ቁጥር ረጅም ጻፈ። ይህን ሁሉ ትቼ በ2023 የወጣውን ራስበሪ ፓይ 5 እንድገዛ መከረኝ። የተናገረው ሐሰት የለውም። ፓይ 5 ፒሲአይ ኤክስፕረስ ለሚባለው ፈጣን መስመር የራሱ መሰኪያ አለው። በአጭር ሪባን ኬብል የኤም 2 ሰሌዳ ይገጠምለታል፤ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣን ኤስኤስዲ ያለ ዩኤስቢ አማላጅ በቀጥታ ይሠራል። የኩባንያው የራሱ ሰሌዳ የሚቀበለው አጫጭሮቹን፣ 2230 እና 2242 የሚባሉትን ነው። ገበያ ላይ የሚበዛው ረጅሙ 2280 ስለሆነ፣ እሱን የያዘ ሰው የሌላ ድርጅት ሰሌዳ መፈለግ አለበት። ቻርጀሩም ባለ5 ቮልት 5 አምፔር ነው። ከዚያ ያነሰ ከተሰካለት ለዩኤስቢዎቹ የሚያካፍለውን ከረንት ወደ 600 ሚሊአምፔር ያወርደዋል።

5 ቁጥር አልራራለትም። ሰውየው ስለ በሬው ጠየቀ፣ አንተ ስለ ትራክተር ታወራለህ አለው። ልጁ ያለውን ተናግሯል፣ በሌለው አታባክነው፣ እዚህ መድረክ ላይ ስለ ማንኛውም ብልሽት ሲጠየቅ አዲስ ግዛ የሚል ሰው በዝቷል ብሎ ወረደበት። እውነት ለመናገር 5 ቁጥር ትክክል ነው፤ አፉ ግን መረረ። ደግሞ የ4 ቁጥር የመጨረሻዋ ነገር፣ የከረንቷ ጉዳይ፣ በኋላ ላይ ዞራ መጥታ አፌን አስያዘችኝ።

6 ቁጥር አንዲት ልጅ ናት። ምንም አልመከረችኝም። ጠየቀችኝ እንጂ። ቻርጀሩ የምንድን ነው? ኬብሉ ስንት ሜትር ነው? ስክሪኑ ላይ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ብልጭ ይላል? ድርቅ ሲል ሎጉ (ማሽኑ የሆነውን የሚመዘግብበት) ላይ የመጨረሻው መስመር ምን ይላል? ፍሎፒ ማንበቢያው የተሰካው የት ነው? አምስት ጥያቄ፣ አንድም ትችት የለም። እኔ በበኩሌ በዚህ ክር ውስጥ ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም። ያኔ ግን ሰነፍኩና አለፍኩት። ትኩረቴን 7 ቁጥር ወሰደው።

7 ቁጥር አክራሪ ነው። በጥሩ መልኩ ማለቴ ነው። ለሱ ራስበሪ ፓይ 486 ኬዝ ውስጥ ማስገባት ሬሳ ላይ ጭምብል ማጥለቅ ነው። እውነተኛውን ማሽን አስነሳ አለ። ሃርድ ዲስኩ ከሞተ ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ አለ፤ የካርዱ አሠራር አይዲኢ ከሚባለው የድሮ ሃርድ ዲስክ መስመር ጋር ስለሚግባባ፣ ርካሽ የመሰኪያ መቀየሪያ ብቻ ነው የሚፈልገው። ድምፅ የለው፣ አይሞቅ፣ ዶስም ሃርድ ዲስክ ነው ብሎ ይቀበለዋል። አንድ ማስጠንቀቂያም ጨመረ። የዚያ ዘመን ባዮስ (ማሽኑን መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ብዙውን ጊዜ ከ504 ሜጋባይት በላይ አያይም፤ 1024 ሲሊንደር፣ 16 ሄድ፣ 63 ሴክተር፣ በቃ። ስለዚህ ትልቅ ካርድ ገዝተህ እንዳትናደድ አለ።

ደስ የሚል ምክር ነው። ለኔ ግን አልሠራም። በ8 ላይ ለምን እንደሆነ ጻፍኩ፤ እዚህም ልድገመው። ማዘርቦርዱን ስከፍተው ከኪቦርዱ መሰኪያ አጠገብ ሰማያዊ በርሜል የመሰለች ባትሪ አለች። ሰዓቱንና የባዮሱን ማስታወሻ የምትጠብቀው እሷ ናት። ስንት ዓመት ዝም ብላ ስታለቅስ ኖራ፣ ዙሪያዋ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። በጥርስ ብሩሽ ስነካው ዱቄቱ ብቻ አይደለም የወጣው፤ ከስሩ የነበሩት ፀጉር የሚያካክሉ የመዳብ መስመሮች አብረው ተነሱ። የኪቦርዱ ቺፕ አንድ እግሩ በጣቴ ተቆርጦ ቀረ። ያን ለመጠገን ዓይንም፣ እጅም፣ ዕድሜም የለኝም።

7 ቁጥር በ9 ተመልሶ፣ ዋናው ችግር አለማጽዳቴ እንደሆነ ነገረኝ። በቤኪንግ ሶዳ እጠበው አለ። 10 ቁጥር ወዲያው አረመው። ቤኪንግ ሶዳ የሚያስፈልገው አሲድ ለፈሰሰበት፣ ለምሳሌ ለመኪና ባትሪ ነው። ይቺ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ናት፤ ፈሳሿ የአሲድ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ የሚያረክሰው ለስላሳ አሲድ ነው፤ ትንሽ ኮምጣጤ ወይ ሎሚ፣ ከዚያ በአልኮል ማጥራት። 7 ቁጥር ስህተቱን ተቀበለ አልልም። ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። ለማንኛውም አሮጌ ማዘርቦርድ ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ክፈቱና ባትሪዋን ቁረጡ። ከሞተች በኋላ ነው የምትገድለው።

ከ11 እስከ 15 ያለው ከመስመር ወጥቷል። አንዱ ክረምት ነውና ጅማ ላይ መብራት በመጀመሪያው ነጎድጓድ እንደሚሄድ አማረረ። ሌላው የሱ ሰፈር በደመናውም እንደሚሄድ ተናገረ። የፈረንጅ አራዳና የአጂፕ ሰፈር ልጆች የማን መብራት ቶሎ ይመጣል ብለው ተፎካከሩ፤ ማንም አላሸነፈም። 14 ቁጥር ግን በመሃል አንድ ቁም ነገር ጣለ። የኬዙ የዲስክ ቦታ 3.5 ኢንች ነው፣ ኤስኤስዲው 2.5፤ በፕላስተር እንዳታንጠለጥለው፣ ጅማ ላይ እያለህ ምን ቸገረህ፣ በርጩማ ሠሪ ዘንድ ሂድ አለኝ።

ሄድኩ። ሰውየው ባለሦስት እግር በርጩማ እየፈለፈሉ ነበር። ከተራረፈ ዋንዛ ቁራጭ አንስተው፣ ኤስኤስዲውን በመዳፋቸው መዘን አድርገው፣ ይቺ ነች ኮምፒውተሩ ብለው ጠየቁኝ። በሃያ ደቂቃ መደገፊያ ሠሩልኝ። ለፓይውም አንዲት ጠፍጣፋ እንጨት ጨመሩ። የሰሌዳው ቀዳዳዎች ርቀት 58 በ49 ሚሊሜትር ነው፤ በወረቀት ቆርጬ የወሰድኩትን አስቀምጠው በጥፍራቸው ምልክት አደረጉበት። እንጨቱ ከውበቱ ሌላ ጥቅም አለው። የኬዙ ብረት የሰሌዳውን ሆድ ነክቶ ሾርት እንዳያደርግ ይከለክለዋል።

በ16 ተመልሼ ለ6 ቁጥር መልስ ሰጠሁ። አፍሬ ነው የሰጠሁት። ቻርጀሩ የስልክ ነው። ኬብሉ ሁለት ሜትር ነው፣ ቀጭን። የመብረቋ ምልክት አዎን ብልጭ ትላለች፣ እኔ ግን ጌጥ መስላኝ ነበር። ሎጉ ቮልቴጅ አንሷል ይላል፣ ቀጥሎ ዲስኩ ራሱን ሪሴት ያደርጋል። ፓይው ስለ ኤሌክትሪኩ የሚሰጠውን የሁኔታ ቁጥር ሳስጠይቀው 50005 አለኝ። ፍሎፒ ማንበቢያው ያው ከፓይው ዩኤስቢ ላይ ነው።

17 ቁጥር ራሷ ናት። አንብባው በደቂቃ ውስጥ ቋጠሮውን ፈታችው። 50005 ማለት አሁን በዚህ ሰዓት ቮልቴጅ አንሷል፣ ፕሮሰሰሩም ፍጥነቱን ቀንሷል፣ ከተነሳም ወዲህ ይህ ሆኗል ማለት ነው። 50000 ብቻ ቢሆን ያለፈ ታሪክ ነበር። ፓይው ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው 5 ቮልቱ ወደ 4.63 ገደማ ሲወርድ ነው። አራቱ የፓይ 4 ዩኤስቢዎች ተደምረው ከ1.2 አምፔር በላይ አይሰጡም። ኤስኤስዲው ብቻውን ሲሆን ይብቃቃሉ። የፍሎፒው ሞተር መዞር ሲጀምር ግን ይጎትታል፤ ቀጭኑ ኬብል ላይ ቮልቴጁ ይወድቃል፤ የኤስኤስዲው ማገናኛ ይዞርበታል፤ ሲስተሙም ከእግሩ ስር መሬቱ እንደተነሳ ሰው ቆሞ ይቀራል። እኔ ድርቅ አለ የምለው ይህንን ነው። ኤስኤስዲው አልሞተም። ተርቧል።

መድኃኒቱ ባለ5.1 ቮልት 3 አምፔር የፓይ ቻርጀር፣ አጭር ኬብል፣ ለፍሎፒው ደግሞ የራሱ ኤሌክትሪክ ያለው ሃብ (የዩኤስቢ ማከፋፈያ) ነው።

18 ቁጥር በዚህ አልተስማማም። ለሱ ጥፋቱ የማገናኛው ቺፕ ነው። አንዳንድ ቺፖች ዩኤኤስ ከሚባለው ፈጣን አነጋገር ጋር አይስማሙም፤ ለነሱ ሲስተሙ ሲነሳ በሚያነበው የትእዛዝ ፋይል ላይ የቺፑን መለያ ቁጥር አስገብቶ ወደ ቀድሞው ዘገምተኛ አነጋገር መመለስ ይቻላል። ይህም እውነት ነው፤ ብዙ ሰው በዚህ ተፈውሷል። ብቻ 6 ቁጥር እንዳስታወሰችው፣ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ሳያስተካክሉ እዚያ መግባት፣ ሳይበሉ ለጨጓራ ኪኒን እንደ መዋጥ ነው። 19 ቁጥርም ያንን ፋይል ሲነካ የደረሰበትን አወራ። የፋይሉ ጽሑፍ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ መሆን አለበት። እሱ ለማማር ኢንተር መታና አዲስ መስመር ላይ ጻፈ። ማሽኑ ሦስት ቀን አልነሳለትም።

20 የለም። አወያዩ አጥፍቶታል። አንድ ሰው ማገናኛ የሸጠለትን ሱቅ በስም ጠርቶ ሰድቦ ነበር። እኔም ከዚያ በፊት የገዛሁት ማገናኛ ሽፋኑ ላይ ዩኤስቢ 3 የሚል፣ ውስጡ ግን 2 የሆነ ነበር፤ የዩኤስቢ 3 ተጨማሪ አምስት እግሮች መሰኪያው ውስጥ እንደሌሉ ቆጥሬ ነው ያወቅኩት። ማን እንደሸጠልኝ ግን እዚህ አልጽፍም።

21 ቁጥር አጭርና ስለታም ነበር። ያን ሁሉ ፍሎፒ ለምን በላፕቶፕህ አልገለበጥከውም? ሌላ ምንም የለም። መልስ አልነበረኝም። በዚያው ማታ ፍሎፒ ማንበቢያውን ላፕቶፑ ላይ ሰካሁ። ከ60ው 52ቱ ተነበቡ። ስምንቱ እንደ ጥሬ ቡና ሲንኮሻኮሹ ቆይተው እምቢ አሉ። አንድ ፍሎፒ 1.44 ሜጋባይት ነው፤ ሁሉም ተደምሮ 75 ሜጋባይት አልሞላም። 2 ቁጥር ይህን ሲሰማ ምን እንዳለ ገምቱ።

22 ላይ አንድ ጋሼ ገቡ። ከጽሕፈት መኪና ጥገና ነው ወደ ኮምፒውተር የመጡት። ስለ ኤስኤስዲው አንዲት ቃል አልተናገሩም። ስለ ኦሊቬቲ የአማርኛ መኪና ነው የጻፉት፤ ፊደሉ ሁሉ ቁልፍ ላይ ስለማይበቃ፣ መነሻውን መትተው ከዚያ ቅጥያውን በላዩ እንደሚጨምሩበት፣ ጎበዝ ጸሐፊ በድምፁ ብቻ እንደሚታወቅ። ልጄ፣ አክስትህ በዚያ መኪና ካልጀመሩ እኔ ምን አለ በሉኝ አሉ። ጠየቅኳት። በዚያው ነው የጀመረችው። 5 ቁጥር እንኳን ለሳቸው እርስዎ እያለ በለሆሳስ ነው የመለሰው።

ቻርጀሩን ቀየርኩ፣ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ሠራ። ታዲያ በ23 ሌላ ሮሮ ይዤ መጣሁ። ኤስኤስዲውን ስሰካ ዋይፋዩ ይጠፋል። ስነቅለው ይመጣል። 24 ቁጥር ጅኒ አለበት ብሎ ቀለደ። 25፣ አሁንም 6 ቁጥር ናት፣ ዩኤስቢ 3 ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርዝ ዙሪያ ጫጫታ እንደሚያወጣ፣ ዋይፋዩም እዚያው ላይ እንደሚያዳምጥ አስረዳች። ወይ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ቀይር፣ ወይ ኤስኤስዲውን ጥሩ ሽፋን ባለው ኬብል ራቅ አድርግ። የ486ቱ የብረት ኬዝም እንደ ድስት ክዳን ነው አለች። እኔ ዋይፋዩን ተውኩትና የኔትወርክ ገመድ ሰካሁ። ታይፕ ቤት ዋይፋይ ምን ያደርግለታል?

26 ቁጥር ወደ መብራቱ መለሰን። ኤስኤስዲ ከኤስዲ ካርድ ይሻላል ማለት መብራት ሲሄድ አይጎዳም ማለት አይደለም። ለቤት የሚሸጡት ኤስኤስዲዎች፣ መብራት ሲቋረጥ በእጃቸው ያለውን ጽፈው እንዲጨርሱ የሚያደርግ መጠባበቂያ ካፓሲተር ባብዛኛው የላቸውም፤ እሱ የሰርቨሮቹ ነው። ስለዚህ የሲስተሙን ክፍል በኦቨርሌይ ቆልፈው አለኝ። ከራሱ ከፓይው የማስተካከያ ዝርዝር ላይ የሚበራ ነገር ነው። ሲስተሙ የሚጽፈው ሁሉ ሚሞሪ ላይ ይቀራል፤ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ዲስኩ ላይ ያለው እንደነበረ ይቆያል። የአክስቴ ፋይሎች ደግሞ ለብቻቸው ሌላ ክፍል ላይ ይሁኑ። 27 ቁጥር ይህን ሁሉ ከምታደርግ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) ግዛ አለ። 26ም የዩፒኤሱ ባትሪ ሲሞት ማን ይነግረዋል ብሎ መለሰለት። ሁለቱም ትንሽ ተቆጡ። እኔ የ26ን ወሰድኩ፤ ነፃ ነው።

በ28 ፈተናውን ጻፍኩ። እየሠራ ሳለ ሶኬቱን ከዲቫይደሩ አሥር ጊዜ ነቀልኩት። አሥሩንም ጊዜ ተነሳ። አሥራ አንደኛውን መብራት ኃይል ራሱ ነቀለልኝ። ያኔም ተነሳ። ኤስዲ ካርዱንም አውጥቼዋለሁ። የቡት ቅደም ተከተሉ፣ ማለትም ፓይው መጀመሪያ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ የሚወስነው ቁጥር፣ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብ ልብ በሉ፤ 1 ኤስዲ ነው፣ 4 ዩኤስቢ፣ 6 ኤንቪኤምኢ። እኔ ከግራ አንብቤው ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ።

ዊንዶውስ 3.1 ተነሳ። የመጀመሪያውን ፋይል ከፈትኩ። አማርኛ የለም። የላቲን ፊደልና የምልክት ዝንጥል ብቻ። በ29 ጋሼ ተመለሱና አረጋጉኝ። ዩኒኮድ፣ የዓለምን ፊደል ሁሉ በቁጥር የሚመዘግበው ደንብ፣ የኛን ፊደል ያስገባው በ1999፣ በ3.0 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ ፎንት፣ በላቲኑ ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጠው። ቦታው 256 ብቻ ስለሆነ ፊደላችን ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩ አይገባበትም፤ አንዳንዶቹ ለሁለት ፎንት ከፍለውት ነበር። ፋይሉ ደህና ነው፣ ፎንቱን ፈልግ አሉኝ። ከካርቶኑ ግርጌ፣ ጀርባው ላይ በአክስቴ እጅ ፊደል ተብሎ የተጻፈበት ፍሎፒ ነበር። ከ52ቱ አንዱ ነው፣ ተመስገን።

30 ላይ አክስቴ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችበትን ቀን ጻፍኩ። ኬዙን አየችው፣ ኪቦርዱን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። የከፈትኩላት የከብት ሽያጭ ውል ነበር። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመች። ሻጭ የሚለው ሁለት ጊዜ ተጽፏል፣ አለች። ጠቋሚውን ወስዳ አንዱን አጠፋችው። ከዚያ ቀና ብላ ፕሪንተሩስ የታለ አለችኝ።

በ31 ፕሪንተሩን በምን ላገናኘው ብዬ ጠየቅኩ። የሷ ፕሪንተር ባለ ሪባን ነጥብ መቺ ነው፣ ፓራለል በሚባለው የድሮ የፕሪንተር ገመድ የሚሰካ፤ ፓይው ደግሞ ፓራለል የለውም። 7 ቁጥር እንግዲህ እውነተኛውን ማዘርቦርድ ብትጠግን ኖሮ ብሎ እየጻፈ ነው፤ ስሙ ስር ሦስቷ ነጥብ ትንቀሳቀሳለች።